እናቴ ወንበር ላይ የወጣች ቀን

እናቴ ታምዎርዝ በምትባል የገጠር ከተማ፣ አዳራሽ ሙሉ ጨዋ ሰው ፊት፣ ወንበር ላይ ወጥታ አፍ የማይደፍረውን ስድብ ስትጮህ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። «መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ» ሲባል ሰምታችሁ ታውቁ ይሆናል። እኔ የምትከፈትበትን ቦታ ሁሉ በዓይኔ ፈልጌያለሁ። ከእግሬ ሥር የጣውላው ወለል ላይ አንድ ስንጥቅ ነበር፤ እሱን እያየሁ «እባክሽ፣ አሁን» ብዬ መሬትን ለመንኳት። ወይ ፍንክች።

አባቴ ዴዝ ማሎይ የሮክ ዘፋኝ ነበር። በከተማችን በኒውካስል ብረት ማቅለጫው ዙሪያ የነበሩት መጠጥ ቤቶች ሁሉ ያውቁታል። የሙዚቃ ባንዱ «ጥቁር ከሰል» ይባላል። ከፈረቃ የወጣ ሠራተኛ ላቡን እንኳ ሳይታጠብ ገብቶ፣ እርስ በርሱ ተጨናንቆ፣ ቢራው በሰው አንገት ላይ እየፈሰሰ ነበር የሚሰማቸው። እኔን ከመድረኩ ጀርባ የቢራ ሣጥን ላይ ያስቀምጡኛል፤ እናቴ ጆሮዬን በጥጥ ትወትፍልኛለች። ቢሆንም የከበሮው ምት በሣጥኑ በኩል ወደ ሆዴ ይገባ ነበር። ስወደው!

አንድ ዘፈን ነበራቸው፣ እነሱን ሰው ያደረጋቸው። «በሩን ክፈቺልኝ» ይባላል። አባቴ «በሩን ክፈቺልኝ፣ ዝናቡ ጨረሰኝ!» ብሎ ይጮህና ማይኩን ወደ ሕዝቡ ያዞራል። ያን ጊዜ ሕዝቡ ብርጭቆውን አንሥቶ፣ ጣሪያው እስኪነቃነቅ፣ «ሂድ ከውሻው ጋር ተኛ!» ይላል። ከዚያ ቀጥላ አንዲት ቃል አለች። እሷን አልጽፋትም። እናቴ ብትሆን ትጽፋት ነበር።

ጩኸቱን ማን እንደጀመረው አይታወቅም። አንዱ ሰካራም አንድ ምሽት ጣልቃ ገባ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ሠላሳ ሆኑ፣ ከዚያ አገሩ ሁሉ ተማረው። ኳስ ሜዳ ላይ ይጮሃል፣ ሠርግ ላይ ይጮሃል። በሸክላው ላይ እዚያ ቦታ አባቴ የሚላት አንዲት ስንኝ ነበረች፤ ግን ጊታሩ ስለደፈቃት ሰምቷት የሚያውቅ ሰው የለም። እኔም አልሰማኋትም። ዘፈኑ ሚስቱ በር ስለዘጋችበት ሰካራም የሚያወራ ነው ብዬ ነበር የማውቀው። ሁሉም እንደዚያ ነበር የሚያውቀው።

ከዚያ ባንዱ ፈረሰ። አባቴ ግራ ጆሮው ይጮህበት ጀመር፤ ሐኪሙ ከዚያ ሁካታ ካልወጣህ ደንቆሮ ትሆናለህ አለው። እሱም አንድ ቀን ሰፊ ባርኔጣ ደፍቶ፣ ያለ ኤሌክትሪክ የሚመታ ጊታር ይዞ መጣና፣ «ከዛሬ ጀምሮ ካንትሪ ነው የምዘፍነው፣ የከብት ነጂዎቹን ዘፈን» አለ።

እናቴ ከላይ እስከ ታች አየችው። «ባርኔጣው በበሩ ይገባል ወይስ በመስኮት እናስገባው?» አለችው።

«ሳቂ፣ ሳቂ ራይሊን።»

«እኔማ እስቃለሁ። ሌላው እንዳይስቅ ነው የምፈራው።»

ሌላው ሳቀ እንጂ። ትምህርት ቤት «ሊያን፣ አባትሽ ፈረሱን የት አሰረው?» ይሉኛል። አንዱ ልጅ በየቀኑ ሲያየኝ እንደ ላም እምቧ ይላል። የጥንቱ አድናቂዎቹ መንገድ ላይ ሲያገኙት ትከሻውን መታ መታ አድርገው፣ «ምነው ዴዝ፣ ሳትሞት ተቀበርክ እኮ» ብለውት ይሄዳሉ። እሱ ፈገግ ይላል። እኔ ጎኑ ቆሜ ጫማዬን አያለሁ። አባት የሚኮሩበት ነገር ነው ብዬ ነበር የማስበው፤ የኔ ግን ከእጄ ወድቆ ተሰበረ።

በዚያ ጥር ወደ ታምዎርዝ ሄድን። በየዓመቱ ለሚደረገው የካንትሪ በዓል የማይመጣ ዘፋኝ የለም፤ አባቴ ግን ለጨዋታ አልነበረም የሄደው። በየገጠሩ አዳራሽ ዓመቱን ሙሉ የሚዞር አንድ የካንትሪ ማኅበር ነበር፤ በየዓመቱ አንድ አዲስ ዘፋኝ ይመርጣል። ከተመረጠ ይዘፍናል። ካልተመረጠ ከሰል ማዕድኑ ውስጥ ሊገባ ለእናቴ ወንድም ቃል ሰጥቷል፤ ጊታሩንም ሊሸጥ ተስማምቷል። «ዛሬ ካልሆነ በቃኝ» ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እኔ የምመኘው ግን ሌላ ነበር። ማዕድንም ቢሆን ግድ የለኝም። ለአንድ ከሰዓት ብቻ ማንም እንዳይስቅብን ነበር የምፈልገው።

መኪናው ውስጥ ከኋላ ወንበር ጋደም ብዬ፣ ያልተኛሁ መሆኔን ሳያውቁ ሲያወሩ ሰማኋቸው።

«ከራስ ሕይወት የወጣ ዘፈን ካልሆነ አይቀበሉም አሉ» አለ አባቴ። «ከዚያች ሌላ ምን አለኝ?»

«ቀስ ብለህ ልትዘፍናት ነው?»

«ቀስ ብዬ።»

እናቴ ወደ እሱ ዞረች። «እዚያ ቦታ ስትደርስ ማንም አይጮህልህም እኮ፣ ዴዝ።»

«አውቃለሁ።»

«ትችለዋለህ?»

«ስደርስ አያለሁ።»

ስለ ድምፁ መስሎኝ ነበር። እዚያ ቦታ ላይ ከፍ ያለ ድምፅ አለ፣ ጉሮሮው ይሰነጠቅበት ይሆናል ብዬ፣ በልቤ ለጉሮሮው ጸለይኩለት።

ታምዎርዝ ስንደርስ አስፋልቱ ቀልጦ የነጠላ ጫማዬን ሶል ይይዘው ነበር። በዋናው መንገድ በየአሥር እርምጃው አንድ ሰው ጊታር ይዞ ይዘፍናል፤ የአንዱን ዘፈን ሳትጨርሱ የሌላው ይቀበላችኋል። ሽማግሌዎች ከጠዋት ጀምሮ ታጣፊ ወንበራቸውን ጥላ ሥር ተክለው፣ ስማቸውን ጽፈውበት ምሳ ሊበሉ ይሄዳሉ፤ ማንም አይነካባቸውም። ከእኔና ከእናቴ በቀር ባርኔጣ ያላደረገ ሰው አልነበረም።

የእናቴን አለባበስ ልንገራችሁ። ከመጠጥ ቤቱ ዘመን የቀረ ጥቁር ጠባብ ሱሪ፣ ጆሮዋ ላይ ደግሞ አምባር የሚያክል ጉትቻ። አዳራሹ በር ላይ የማኅበሩ ሴቶች አበባ አበባ ቀሚሳቸውን ለብሰው ተደርድረዋል። እያንዳንዷ እርጥብ ጨርቅ የለበሰ ሳህን ይዛለች፤ ሴት ሁሉ የሚበላ ይዛ መምጣት ደንብ ነው። ሳህኑ እንዳይጠፋ ስም በቁስል ፕላስተር ላይ ተጽፎ ከሥሩ ይለጠፋል። እናቴም እንቁላልና የከሪ ቅመም ያለበት ሳንድዊች ሠርታ፣ «ር. ማሎይ» ብላ ለጥፋ ይዛ ነበር። ሳንድዊች የያዘች መሆኗን ሳይ ትንሽ ተረጋጋሁ።

የማኅበሩ ሊቀመንበር ወይዘሮ ኦልሶፕ ትባላለች። ሳህኑን ተቀበለቻት፤ ጉትቻውን አየች፣ ሱሪውን አየች።

«እንኳን ደህና መጣሽ፣ የኔ እመቤት። እዚህ ቤት ልጆች ስላሉ በአነጋገር ጠንቀቅ እንላለን። ለሁሉም ነው የምለው» አለቻት።

«አፌን ቤት ትቼው ነው የመጣሁ» አለች እናቴ።

ወይዘሮ ኦልሶፕ አልሳቀችም። እኔ በርበሬ መሰልኩ።

ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጥን። ከአባቴ በፊት ሦስት ዘፋኞች ወጡ፤ እኔ ግን ሁሉንም እንደጠሏቸው እርግጠኛ ነበርኩ። ለምን መሰላችሁ? ማንም አይጮህም! ማንም አይነሣም! ሰዎቹ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው፣ እጃቸውን አጣጥፈው፣ ዝም ብለው መሬት መሬት ያያሉ። መጠጥ ቤት ውስጥ ሕዝብ እንዲህ ዝም ያለ ለት ጠርሙስ ሊወረወር ነው። አንድ ሽማግሌ መሐረብ አውጥቶ ዓይኑን ሲጠርግ አቧራ ገብቶበት ነው ብዬ አዘንኩለት።

አባቴ ወጣ። አጃቢው ጉልበቱ ላይ አጋድሞ የሚመታትን ስቲል ጊታር የያዘው አጎቴ ክላሪ ነበር፤ ዘመድ አይደለም፣ ሁሉም ሰው አጎቴ ነበር የሚለው። አባቴ ባርኔጣውን አወለቀ።

«ይህን ዘፈን አንዳንዶቻችሁ ታውቁት ይሆናል» አለ። «እስከ ዛሬ ስትሰሙት ግን ምንነቱን አታውቁም ነበር።»

ከኋላ አንድ ሁለት ሰው ጉምጉም አለ። «የዚያ የመጠጥ ቤት ጋጠወጥ እኮ ነው» የሚል ሹክሹክታ ሰማሁ። ጆሮዬን ልደፍን ቃጣኝ።

ከዚያ ጀመረ፤ በጣም ቀስ ብሎ። ያ ሆዴ ውስጥ ይመታ የነበረ ዘፈን ነው ብላችሁ አታምኑም። ከፈረቃ ሳይሆን ከሩቅ ቦታ በእግሩ የመጣ የደከመ ሰው ነበር የሚዘፍነው። አዳራሹ ጭጭ አለ፤ ማራገቢያው ብቻ ነው የሚሰማው። እኔም በዚያ ቅጽበት፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ዝምታው ጥላቻ እንዳልሆነ ገባኝ። እየሰሙት ነበር! የኔን አባት! ደረቴ ሊፈነዳ ደረሰ። ወይዘሮ ኦልሶፕ እንኳ አገጯን በእጇ ይዛለች።

«በሩን ክፈቺልኝ» አለ አባቴ፣ «ዝናቡ ጨረሰኝ።»

ቆመ።

ዓይኑን ጨፍኖ አፉን ከፍቶ ቆመ። አጎቴ ክላሪ ዜማውን አዙሮ መለሰለት። አባቴ ግን ተቀብሎ አልዘፈነም። አጎቴ ክላሪ ደግሞ አዞረው። እንዴት ያለ ጉብዝና ነው እያልኩ ነበር እኔ! ሰዉን አንጠልጥሎ ሊያስጨንቅ ነው ብዬ። እጁ ከጊታሩ ክር ላይ ሲወርድ አየሁ። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሲል አየሁ። ሊያጎነብስና ሰላምታ ሊሰጥ መሰለኝ።

ያን ጊዜ ነው ጎኔ ያለው ወንበር ሲጢጥ ያለው። ዞር ብል የእናቴ ጉልበት ፊቴ ላይ ነው። ወንበሩ ላይ ወጥታለች። ሁለት እጇን አፏ ዙሪያ አድርጋ፣ አዳራሹ እስኪያስተጋባ ድረስ፦

«ሂድ ከውሻው ጋር ተኛ!» አለች፤ ቃሏንም ጨመረች። ሙሉዋን፣ አንዲት ፊደል ሳታስቀር።

ከዚያ የአንዲት ሴት «ኢየሱስ!» የሚል ድምፅ። ከወደ ኋላ ደግሞ አንድ ከብት ነጂ ሳይወድ በግዱ በሳቅ ፈነዳ፤ ሳቁ ጎረቤቱ ላይ ተጋባ፣ ግማሹ ሳቀ፣ ግማሹ «ነውር ነው! አስወጧት!» አለ። አባቴ ዓይኑን ገለጠ። እናቴን አያት፤ እሱም ሳቀ፣ በእጅጌውም ፊቱን ጠረገ። ላብ መስሎኝ ነበር። አጎቴ ክላሪ ወዲያው ወደሚቀጥለው አንጓ ገባ፣ አባቴም ተከተለው።

ከዚያ በኋላ እንዴት እንደዘፈነ ለመናገር ይቸግረኛል። ሲጨርስ ሰዉ በሙሉ ተነሣ። እናቴ ግን አላየችም። ወይዘሮ ኦልሶፕ ክርኗን ይዛ አስወጥታታለች።

በር አካባቢ ሰው ከበበን፣ አባቴንና እኔን። ሴቶቹ ፀጉሬን ዳበሱኝ። «ምስኪን፣ ምን ልበልሽ» አለችኝ አንዷ። «ጠጥታ ነው አይደል?» አለች ሌላዋ ለጓደኛዋ፤ «ፍላስክ ይዛ አይቻታለሁ።» ፍላስኩ ውስጥ ሻይ ነበር፤ እኔም ከዚያው ነበር የጠጣሁት። ቢሆንም እነሱ ሲሉ እኔም አመንኩ። ጠጥታ ባይሆን ኖሮ እንደዚያ ያለ ነገር ማን ያደርጋል? ወይዘሮ ኦልሶፕ የአባቴን እጅ በሁለት እጇ ያዘች። «ከእንደዚያ ያለ ሸክም ጋር እንደዚህ መዝፈን!» አለችው። «ዓመቱ ያንተ ነው፣ ልጄ። እሷ ግን ከአዳራሾቻችን ትቅር።» አባቴ ባርኔጣውን መልሶ ደፋ።

የእናቴን ሳህን እጄ ላይ አስቀመጡልኝ። እርጥቡ ጨርቅ እንዳለ ነበር። ሌሎች ሳህኖች ሁሉ ፍርፋሪያቸው ብቻ ቀርቶ ሳለ፣ ከእናቴ ሳንድዊች አንዲት እንኳ አልተነሣችም።

እናቴ መኪናው ላይ ተደግፋ ስታጨስ አገኘናት። «እህሳ?» አለችው።

«መረጡኝ።»

«ይኸው!» ብላ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። እኔ ፊቴን አዞርኩ። እንዴት ትስቃለች? ደግሞ እሱ እንዴት ያቅፋታል? ሳህኑን ሳላያት ሰጠኋት። ጨርቁን ገልጣ አየችና፣ «እሰይ፣ ለመንገድ ይሆነናል» ብላ እዚያው ቆማ አንዱን በላች።

መንገድ ላይ ከፊት ሆነው በቀስታ ሲነጋገሩ ደግሞ ሰማሁ።

«ተመልሼ ልንገራቸው» አለ አባቴ።

«አንተ ሰውዬ፣ ዝም በል!»

«ራይሊን፣ ስምሽን እኮ...»

«ስሜን ምን ላድርገው? ዝም በል አልኩህ። ልጅቷ ትሰማለች።»

ሌላም የደበቀችው ጉድ አለ ማለት ነው፣ እሱ ሊያወጣባት ነው፣ እሷ ፈርታለች፤ እንደዚያ ነበር የተረዳሁት።

አባቴ ከማኅበሩ ሳይወጣ አሥራ አንድ ዓመት ዘፈነ። በየአዳራሹ እኔን ይዞኝ ይሄዳል፤ እናቴ ቤት ትቀራለች፣ አብራን ከመጣችም መኪናው ውስጥ ትጠብቃለች። ሴቶቹ ኬክ ያበሉኛል፣ «አይዞሽ» ይሉኛል፣ እኔም አንገቴን እደፋለሁ። እሱ «በሩን ክፈቺልኝ»ን ሲዘፍን እዚያ ቦታ ላይ ሁልጊዜ አጎቴ ክላሪ ብቻውን ይመታ ነበር። እንደዚያ ነው የተሠራው ብዬ ነበር። እናቴ ከትምህርት ቤት ልትወስደኝ ስትመጣ፣ መንገድ ተሻግራ እንድትጠብቀኝ ነገርኳት። እሺ አለች፤ ለምን ብላ አልጠየቀችኝም።

አባቴ ያለፈው ክረምት ሞተ። ቀብሩ ላይ አጎቴ ክላሪ በተሽከርካሪ ወንበር መጣ፤ ዘጠና ሊሞላው ነው፣ ጣቶቹ ተቆልምመዋል።

«ያን ዕለት እናትሽ ባትጮህ» አለኝ፣ «አባትሽ ከመድረኩ ወርዶ ነበር። ሦስተኛ ጊዜ ላዞረው ነበር እኮ። እሱ ግን አልቆበታል። ሲያለቅስ ከእኔ በቀር ማንም ያላየው መስሎኝ ነበር። እሷ ግን ከታች ሆና አየችው።»

«ለምን አለቀሰ?» አልኩት።

አጎቴ ክላሪ ደንግጦ አየኝ። «አልነገሩሽም?»

ማታውኑ እናቴ ዘንድ ሄድኩ። የቀብሩን ሳህኖች እያጠበች ነበር፤ እኔ እንዳደርቅ ጨርቅ ወረወረችልኝ። ጠየቅኳት። እጇን ከውኃው ሳታወጣ ነገረችኝ።

ከእኔ በፊት ወንድም ነበረኝ። ግሌን ይባላል። ሰባተኛ ሳምንቱ ላይ ታመመ። እሷ ትኩሳት ጥሏት መነሣት አቅቷት ነበር፤ አባቴ ሕፃኑን በጎረቤት መኪና ሆስፒታል ወሰደው። በማግስቱ በዝናብ በእግሩ ተመለሰ።

«በመስኮት አየሁት» አለች። «እጁ ባዶ ነበር። በሩን መታ፣ መታ። እኔ ቁልፉን ይዤ ከበሩ ጀርባ ቆሜያለሁ። ከከፈትኩለት እውነት ሊሆን ነው። ይመስለኛል አንድ ሰዓት ያህል ዝናብ ላይ ቆመ፤ እኔም ከበሩ ወዲህ ቆምኩ። ምን ይለኝ እንደነበር ታውቂያለሽ? ‹ክፈቺልኝ፣ ብቻዬን መጣሁ።› በቃ ይቺው ናት። ስንኟ ይቺ ናት። ጻፋት እንጂ አፉን ሞልቶ ብሏት አያውቅም። ሕዝቡ እየጮኸ ያሻግረው ነበር።»

«ያን ስድብ ስትሰሚ አልከፋሽም? በእናንተ ሐዘን ላይ...»

«ምን ይከፋኛል! ደግ ሰዎች ነበሩ፣ ሳያውቁት። ታምዎርዝ ላይ ግን አልነበሩም። ታዲያ ማን ይጩህለት?» ሳህን አቀበለችኝ። «ድምፄ ደግሞ አያምርም፤ ዘፈን አላውቅ።»

ሳህኑን ይዤ ቆምኩ። «እማዬ፣ ያን ሁሉ ዓመት ጠጪ ነሽ ብዬ... መንገድ ተሻግረሽ ጠብቂኝ ብዬሽ... ምነው አንድ ቃል ብትነግሪኝ?»

«አንቺ ልጅ፣ ያን ቀን አባትሽን ስታዪው ፊትሽን አይቼዋለሁ» አለች። «እንደዚያ ስትኮሪ አይቼሽ አላውቅም ነበር። ‹አባትሽ አቅቶት ነው እኮ› ልበልሽ? በሁለታችንም ብታፍሪ ማን ይቀርሽ ነበር?»

ከዚያ የቀረውን ሳህን ማጠብ ጀመረች። እኔ ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም።